የሴራሚክ ከሰል ምድጃ ጋስኬትን በጥንቃቄ መቀየር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ካማዶ የሚባለውን የእንቁላል ቅርጽ ያለው የሴራሚክ ከሰል ምድጃ በግቢያቸው የሚጠቀሙ ሰዎች ጋስኬት ለመቀየር ሲያስቡ ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች፣ ከቀላሉ ወደ አስቸጋሪው፣ ከነመልሳቸው ቀርበዋል።

ጋስኬቱ የት ነው ያለው? ሥራውስ ምንድን ነው?

ጋስኬት የምድጃው ክዳንና የታችኛው ገንዳ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ዙሪያውን የሚለጠፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋትና 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ሙቀት የሚቋቋም ጥብጣብ ነው። በብዙ ምድጃዎች አንዱ በክዳኑ፣ ሌላው በገንዳው ጠርዝ ላይ ተለጥፎ፣ ክዳኑ ሲዘጋ ሁለቱ ፊት ለፊት ይገጥማሉ። እንጀራ ሲጋገር እንፋሎቱ እንዳያመልጥ በምጣዱና በአክምባሎው መካከል ዳር ዳሩን በእርጥብ ጨርቅ እንደሚደፈነው ያለ ሥራ ነው የሚሠራው፤ ልዩነቱ እዚህ በዋናነት የሚፈለገው ከውጭ የሚገባውን አየር መከልከል መሆኑ ነው።

በሴራሚክ ምድጃ ውስጥ የእሳቱን ኃይል የሚወስኑት ከታች ያለው የአየር መግቢያና ከላይ ያለው መውጫ ብቻ ናቸው። በመሀል በኩል አየር ሾልኮ ከገባ ሁለቱን ቀዳዳዎች የቱንም ያህል ቢያጠቡ እሳቱ አይታዘዝም። ከዚህ ሌላ ጋስኬቱ ሴራሚክ ከሴራሚክ ጋር እየተጋጨ ጠርዙ እንዳይሸረፍ ያለሰልሳል።

መቀየር እንዳለበት በምን አውቃለሁ?

ከሁሉ የሚታመነው ምልክት ምግቡ ካለቀ በኋላ የሚታየው ነው። ሁለቱንም የአየር ቀዳዳዎች ሙሉ በሙሉ ሲዘጉ ፍሙ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ታፍኖ ሊጠፋና የተረፈው ከሰል ለሚቀጥለው ጊዜ ሊቆይልዎት ይገባል። በማግሥቱ ከፍተው ከሰሉ ሁሉ አመድ ሆኖ ካገኙት አየር የሚገባበት ቦታ አለ ማለት ነው። ሁለተኛው መፈተሻ ምድጃው በረድ እንዳለ ቀጭን ወረቀት ጠርዙ ላይ አድርጎ ክዳኑን ዘግቶ መሳብ ነው፤ ወረቀቱ ያዝ አድርጎ ቢወጣ ጥሩ ነው፣ ያለ አንዳች መጎተት ሹልክ ካለ ግን እዚያ ቦታ ላይ ክፍተት አለ። ዙሪያውን በየጥቂት ሴንቲ ሜትሩ ይሞክሩት።

ነገር ግን ጋስኬቱ ጠቁሮና ጠንክሮ ስለታየ ብቻ ለመቀየር አይቸኩሉ። መጥቆር የአገልግሎት ምልክት እንጂ የብልሽት ምልክት አይደለም። እስከ ሴራሚኩ ድረስ ተቃጥሎ የተበላ፣ የተላቀቀ ወይም ከጠርዙ የተንጠለጠለ ከሆነ ጊዜው ደርሷል። የታችኛው የአየር መግቢያ በርም ራሱ በደንብ ላይገጥም ስለሚችል፣ ጥፋቱን ሁሉ በጋስኬቱ ላይ ከመጣልዎ በፊት እሱንም ይመልከቱ።

ያለ ጋስኬት መጠቀም አይቻልም?

ይቻላል፤ አዲሱ እስኪመጣ ድረስ ሥጋ ለመጥበስ አያግድም። ለረጅም ሰዓት በ110 ወይም በ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀስ ብሎ የሚበስል ነገር ግን እሳቱን መቆጣጠር ስለሚያስቸግር አይመከርም። ክዳኑንም ሲዘጉ በእጅ ይዘው ቀስ ብለው ያሳርፉት።

ምን ዓይነት ጋስኬት ልግዛ? ምን ያህልስ?

በዋናነት ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ፌልት፣ ማለትም ክሩ ታምቆ የተሠራ ወፍራም ጨርቅ ሲሆን፣ ከእነዚህ የተሻለው ኖሜክስ ከተባለው ክር የተሠራው ነው። ኖሜክስ ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያወጣው፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ልብስ የሚሠራበት ክር ነው፤ አይቀልጥም፣ ነገር ግን ከ370 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ጀምሮ ከሰል መሆን ይጀምራል። ለስላሳ በመሆኑ በክዳኑና በገንዳው መካከል ያለውን ትንሽ መዛነፍ ይሸፍናል። ሁለተኛው ከፋይበርግላስ፣ ማለትም ከመስታወት ክር የተሠራው ነው፤ ለምሳሌ ካማዶ ጆ የተባለው የምድጃ አምራች የሚጠቀመው ከሽቦ መረብ ጋር የተሠራውን ፋይበርግላስ ነው። ይህ ከፌልት የበለጠ ሙቀት ስለሚችል ፒሳ ለሚጋግርና በኃይለኛ እሳት ለሚጠብስ ሰው የተሻለ ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ። በአንጻሩ ሲቆረጥና ሲፋቅ ቆዳን የሚያሳክክ ብናኝ ያወጣል።

ርዝመቱን ለማወቅ ሲባጎ በጠርዙ ላይ ዙሪያውን አስኪደው ይለኩ። የጠርዙ መሀል ለመሀል ስፋት 50 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ዙሪያው 157 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ለክዳኑና ለገንዳው 314 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ለመጠባበቂያ ትንሽ ይጨምሩ። ከጀርባው የራሱ ማጣበቂያ ያለበትን መግዛት ሥራውን በግማሽ ያቀልላል። ለመስኮትም ሆነ ለበር ማሸጊያ ተብሎ የሚሸጥ ተራ ስፖንጅ ወይም ጎማ በርካሽ ስለተገኘ ብቻ አይለጥፉ፤ ሲቃጠል የሚያወጣው ጭስ ወደ ምግቡ ይሄዳል።

ከመጨረሻው እሳት በኋላ ምን ያህል ልጠብቅ?

ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን፣ ማለትም 24 ሰዓት። ሴራሚክ ሙቀት የሚይዘው በውፍረቱ ውስጥ ስለሆነ ከውጭ ሲነኩት ቀዝቃዛ የመሰለ ምድጃ በውስጡ ሙቅ ሊሆን ይችላል። ከዚያ የባሰው ደግሞ በአመድ ውስጥ የተቀበረ ረመጥ ነው። ከሰል አንድዶ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚረዳው፣ ላዩ አመድ የለበሰ ፍም በማግሥቱም ሕያው ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ጋስኬት ሲቀየር የሚቀጣጠል ማሟሟያ ስለሚቀርብ፣ አንዲት ፍም እንኳ በገንዳው ውስጥ መኖር የለባትም።

ስለዚህ መጀመሪያ ከሰሉንና አመዱን በሙሉ ያውጡ። አመዱን ክዳን ባለው የብረት ዕቃ አድርገው ከቤት ራቅ አድርገው ያስቀምጡት፤ በፌስታልም ሆነ በካርቶን አያድርጉት። ከዚያ ፍርግርጉንና የውስጥ ሴራሚኮቹን አውጥተው ገንዳውን ባዶ ያድርጉ።

ክዳኑን ማውለቅ አለብኝ?

አይኖርብዎትም፤ ባያወልቁም ይመረጣል። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ስለሆነ ጉዳዩ ዘርዘር ብሎ መታየት አለበት። ክዳኑን አቅፎ የያዘው የብረት ቀበቶ ከኋላ ካለው ማጠፊያ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ በማጠፊያው ውስጥ ጠንካራ ሞላዎች አሉ። ሞላዎቹ የተመጠኑት ከክዳኑ ክብደት ጋር ሚዛን እንዲጠብቁ ነው። ምድጃው ተዘግቶ እያለ ሞላዎቹ ተወጥረዋል፤ በዚያ ጊዜ ብሎኖቹ ተፈትተው ክዳኑ ከቀበቶው ቢለቅ፣ ሞላውን የሚይዘው ክብደት ስለማይኖር ብረቱ በኃይል ወደ ላይ ይወነጨፋል። ፊት ወይም እጅ ቢያገኝ የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። ክዳኑም ወድቆ ሊሰበር ይችላል።

የገንዳው ጠርዝ ክዳኑ ተከፍቶ በደንብ ይደረስበታል፤ የክዳኑም ጠርዝ ክዳኑ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ወደ ፊት ስለሚዞር ከፊት ቆሞ መሥራት ይቻላል። ምድጃው ጎማ ባለው መቆሚያ ላይ ከሆነ ጎማዎቹን ይቆልፉ፤ ክዳኑ ተከፍቶ ሲቆይ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚያደላ መቆሚያው ሊንሸራተት ወይም ሊያጋድል ይችላል። ክዳኑ ተከፍቶ በራሱ የማይቆም ከሆነ ሞላዎቹ ደክመዋልና፣ አንድ ሰው እንዲይዝልዎት ሳያደርጉ ጣትዎን በሁለቱ ጠርዞች መካከል አያስገቡ። ክዳኑን ማውለቅ ግድ የሚሆንበት ምክንያት ካለም ሥራው የሁለት ሰው ነው፤ የሚከናወነውም ለዚያ ማጠፊያ አምራቹ ባወጣው ቅደም ተከተል ነው።

የቆየውን ጋስኬትና የደረቀውን ማጣበቂያ እንዴት ላንሣ?

መጀመሪያ ያለ ምንም ኬሚካል ይጀምሩ። የመከላከያ መነጽር፣ ጓንትና እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ይልበሱ፤ ጋስኬቱ ፋይበርግላስ ከሆነ ብናኝ የሚከለክል ማስክም ይጨምሩ። አንዱን ጫፍ በስፓቱላ ቀስቅሰው በእጅ እየሳቡ ይላጡት። የቀረውን ማጣበቂያ ሲፍቁ ስፓቱላውን ወደ ጠርዙ አስተኝተው፣ ከራስዎ አርቀው ይግፉ። ስለቱን ካቆሙት ሴራሚኩን ይሸርፈዋል፣ የተሸረፈ ጠርዝ ደግሞ በምንም ጋስኬት ሙሉ በሙሉ አይደፈንም። ማጣበቂያው ከጠነከረ በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ሲለሰልስ እንደ ማስቲካ እየተጠቀለለ ይነሣል።

ከዚያ በኋላ የሚቀረውን ስስ ቅሪት አሴቶን ያነሣዋል። አሴቶን ጥፍር ቀለም ለማስለቀቅ በየቤቱ ስለሚገኝ ብዙዎች እንደ ዋዛ ያዩታል፤ ነገር ግን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ እንኳ እሳት ሊይዝ የሚችል ትነት ያወጣል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ ራቅ ካለ ነበልባል ሊደርስና ተመልሶ ሊነድ ይችላል። ስለዚህ የሚሠራው ደጅ ነው እንጂ ጋራዥ ውስጥ አይደለም፤ በብዙ የአሜሪካ ቤቶች ጋራዡ ውስጥ የጋዝ ውኃ ማሞቂያ አለና። በአካባቢው ሲጋራ፣ ሌላ የበራ ምድጃ፣ እንዲሁም የፀጉር ማድረቂያው ራሱ መኖር የለበትም። ማሞቅ ካስፈለገ ከአሴቶን በፊት እንጂ በኋላ በጭራሽ አይሆንም። አሴቶኑን በሴራሚኩ ላይ አያፍስሱ፤ ጨርቅ ነከር አድርገው ይጥረጉ፣ ቆርቆሮውንም ወዲያው ይክደኑ። ስስ የናይትሪል ጓንት አሴቶን ቶሎ ስለሚያሳልፍ ቢዩቲል ጎማ ይሻላል።

ሥራው ሲያልቅ ጨርቆቹን ጨምድደው ቅርጫት ውስጥ አይጣሉ፤ ደጅ ዘርግተው እስኪደርቁ ያቆዩ። የተረፈ አሴቶን ወደ ፍሳሽ አይደፋም። ጠርዙ ላይ ያለው ሴራሚክ ብዙውን ጊዜ ያልተቀባና ፈሳሽ የሚመጥ በመሆኑ፣ ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ ክዳኑን ከፍተው ይተዉት፤ ሌሊቱን ማሳደር ጥሩ ነው። በውኃና በሳሙናም አይዘፍዝፉት፤ የመጠጠው ውኃ በሚቀጥለው እሳት ጊዜ ሲተን ሴራሚኩን ሊሰነጥቀው ይችላል።

በኃይለኛ እሳት አቃጥዬ ባስለቅቀውስ?

የሚያደርጉት አሉ፤ እኔ ግን አልመክርም። የሚቃጠል ማጣበቂያ የሚያወጣው ጭስ ለሳንባ መጥፎ ነው፣ ምድጃውም ሴራሚኩንና ማጠፊያውን ያለ ጥቅም ለሚያደክም ሙቀት ይጋለጣል። አሴቶን አንዴ ከነካው በኋላ ደግሞ ይህ መንገድ ጨርሶ የተዘጋ ነው።

ምድጃው በጣም አሮጌ ነው። የማልነካው ነገር ይኖራል?

የዚህ ዓይነት ምድጃ በአሜሪካ የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሲሆን፣ ቢግ ግሪን ኤግ የተባለው አምራች እ.ኤ.አ. በ1974 በአትላንታ ከመመሥረቱ በፊትም ይሸጥ ነበር። ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ በፊት የተሠራ ምድጃ በውርስም ሆነ በሁለተኛ እጅ አግኝተው ጋስኬቱ ከምን እንደተሠራ የማያውቁ ከሆነ፣ በዚያ ዘመን ሙቀት በሚበዛባቸው ማሸጊያዎች ውስጥ አስቤስቶስ፣ ማለትም ብናኙ ሲተነፈስ ሳንባን የሚጎዳ የማዕድን ክር፣ ይገባ እንደነበር ያስታውሱ። አስቤስቶስ በዓይን አይለይም። ስለዚህ ደረቁን አይፋቁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አይሞርዱ፣ በቤት ቫክዩምም አይጥረጉ፤ ብናኙን የሚያሰራጨው ይህ ነውና። ፈቃድ ባለው ላቦራቶሪ ናሙና አስመርምረው ውጤቱን እስኪያውቁ ድረስ ምድጃውን ሸፍነው ይተዉት።

አዲሱን እንዴት ልለጥፈው?

ጠርዙ ንጹሕና ደረቅ፣ ቀኑም ለብ ያለ መሆን አለበት፤ በብርድ ቀን ማጣበቂያ አይይዝም። መጀመሪያ ሳይለጥፉ ዙሪያውን አስቀምጠው ይለኩ። ከኋላ፣ ማጠፊያው ካለበት ጎን ይጀምሩ፤ መጋጠሚያው ከዓይን የራቀ እንዲሆን ብቻ ሳይሆን ሾልኮ የሚወጣ እሳት ካለ ከቆሙበት በተቃራኒ እንዲሆን ነው። የማጣበቂያውን መከለያ ወረቀት ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ እየላጡ፣ ጥብጣቡን ሳይስቡ፣ በጣት እየተጫኑ ይሂዱ። የተሳበ ጋስኬት ሲሞቅ ወደ ቦታው ሲመለስ መጋጠሚያው ላይ ክፍተት ይከፍታል። ከውስጠኛው ጠርዝ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ፈቀቅ ብሎ ቢለጠፍ ነበልባሉ በቀጥታ አይልሰውም። ሁለቱ ጫፎች ሳይደራረቡ ግጥም ብለው እንዲገናኙ ይቁረጡ፤ የላይኛውና የታችኛው መጋጠሚያ ግን በአንድ ቦታ እንዳይውሉ አንዱን ገፋ ያድርጉት።

የራሱ ማጣበቂያ የሌለውን ከገዙ፣ ከፍተኛ ሙቀት የሚችል ሲሊኮን ይጠቀማሉ። ሲሊኮኑ ስስ መስመር ሆኖ በጠርዙ መሀል ይሂድ፤ ከበዛ ፌልቱ ይመጠውና እንደ እንጨት ይደርቃል። በሚረጭ ማጣበቂያ የሚሠራ ሰው ደግሞ የሚረጨው ራሱ ተቀጣጣይ መሆኑን አይርሳ፤ ለአሴቶን የተነገረው ጥንቃቄ ሁሉ እዚህም ይሠራል።

ተለጥፎ ሲያልቅ በላይኛውና በታችኛው ጋስኬት መካከል የመጋገሪያ ወረቀት አድርገው ክዳኑን በቀስታ ይዝጉት። የክዳኑ ክብደት ጋስኬቱን በእኩል ይጫነዋል፣ ወረቀቱም የተረፈ ማጣበቂያ ሁለቱን እንዳያያይዛቸው ይከለክላል። 24 ሰዓት እንዲሁ ይቆይ፤ በማጣበቂያው ላይ ከዚህ የረዘመ ጊዜ ከተጻፈ የተጻፈውን ይከተሉ።

ከዚያ በኋላ ወዲያው በኃይለኛ እሳት መጠቀም እችላለሁ?

አይችሉም። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጊዜያት ከ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ማለትም ከ350 ፋራናይት ገደማ ሳያልፉ ያብስሉ። ማጣበቂያው ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘውና ፌልቱ ተጨቁኖ የክዳኑን ቅርጽ የሚይዘው በዚህ ጊዜ ነው። ለምግብ ከመጠቀምዎ በፊት ባዶውን አንድ ጊዜ በዝቅተኛ እሳት ማንደድ የማጣበቂያውን ሽታ ያወጣዋል። ዶሮ ወይም የበግ ጎድን በዝግታ ለመጥበስ ለሚያስብ ሰው ይህ ወቅት የሚያጓጓ እንጂ የሚያስቸግር አይደለም።

በረንዳ ላይ ወይም ጋራዥ ውስጥ ብፈትሸውስ?

በጭራሽ። የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። በአገራችን በብርድ ጊዜ በተዘጋ ቤት ከሰል አስገብተው ተኝተው ያልነቁ ሰዎች ሐዘን ብዙ ቤት ገብቷል። የጋራዡ በር መከፈቱ በቂ አይደለም። በአፓርታማ ለሚኖሩ ደግሞ፣ ብዙ የአሜሪካ ከተሞችና ካውንቲዎች የሚከተሉት ዓለም አቀፍ የእሳት ደንብ፣ እሳት የሚያጠፋ የውኃ መርጫ ካለ በስተቀር፣ ሊቃጠል በሚችል በረንዳ ላይ ወይም ሊቃጠል ከሚችል ግንባታ በ3 ሜትር ውስጥ ከሰል ማንደድን ይከለክላል። የአካባቢዎ ሕግና የቤቱ ውል ከዚህም ሊጠብቅ ይችላል።

ቀይሬው ሳለ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በአንድ በኩል ብቻ ተቃጠለ። ምክንያቱ ምንድን ነው?

ጥፋቱ ከጋስኬቱ ሳይሆን ከክዳኑ አቀማመጥ ነው። ክዳኑ በአንድ በኩል ከገንዳው ጋር ካልገጠመ፣ በዚያ ክፍተት አየር ሲገባ እሳቱ ወደዚያ ይሳባል፣ ነበልባሉም ጋስኬቱን ይበላዋል። ሌላ ጋስኬት ቢለጥፉ ያው ይደገማል። ምድጃው በርዶ፣ ክዳኑ ተዘግቶ፣ ዝቅ ብለው ዙሪያውን ይመልከቱ፤ ከማዶ መብራት ቢያዙ ብርሃኑ የሚያልፍበት ቦታ ይታያል። የክዳኑና የገንዳው ጠርዝ ከፊት እኩል፣ ከጎን ደግሞ አንዱ ከሌላው ያልወጣ መሆን አለበት።

ማስተካከያው የቀበቶዎቹ ብሎኖች ናቸው። ረዳት ክዳኑን ከላይ ወደ ታች ተጭኖ እንደያዘ ብሎኖቹን ጥቂት ብቻ ያላሉ፤ ዳዶው ከብሎኑ እስኪወጣ አይፍቱ። ክዳኑን በትክክለኛ ቦታው አሳርፈው ግራና ቀኙን በየተራ፣ በእኩል መጠን ያጥብቁ። ቀበቶ በሙቀት ስለሚለጠጥ ከጥቂት ጊዜ አገልግሎት በኋላ ብሎኖቹን እንደገና መፈተሽ ያስፈልጋል፤ በላላ ቀበቶ ክዳኑን ብድግ ማድረግ ክዳኑ ሾልኮ እንዲወድቅ መጋበዝ ነው።

ጋስኬቱን ከቀየርኩ በኋላ ክዳኑን ስከፍት ነበልባል ብው ብሎ ይወጣል። ተበላሽቷል?

አልተበላሸም፤ እንዲያውም በደንብ መግጠሙን ያሳያል። ይሁን እንጂ ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ነው። የድሮው ጋስኬት አየር ያስገባ ስለነበር እሳቱ ሙሉ በሙሉ ታፍኖ አያውቅም። አሁን የአየር ቀዳዳዎቹ ሲጠብቡ ፍሙ በቂ ኦክስጅን ስለማያገኝ፣ ያልተቃጠለ ጋዝና የስብ ትነት በክዳኑ ሥር ይጠራቀማል። ክዳኑ በአንድ ጊዜ ብድግ ሲል አየር ይገባል፣ የተጠራቀመውም በቅጽበት ይነዳል። ቅንድብን፣ ፀጉርንና ክንድን የሚያቃጥለው ይህ ነበልባል ነው።

ስለዚህ ክዳኑን ከመክፈትዎ በፊት የላይኛውንና የታችኛውን ቀዳዳ ከፈት አድርገው ጥቂት ይጠብቁ። ከዚያ ፊትዎን ዘወር አድርገው፣ ረጅም የሙቀት ጓንት አጥልቀው፣ ክዳኑን ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ያንሡና ጥቂት ሰከንድ ይያዙት፤ መልሰው ዝቅ አድርገው ይህንኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙ። ጭሱ ሲሳሳና ወደ ውስጥ የሚሳበው አየር ድምፅ ሲቀንስ ሙሉ በሙሉ ይክፈቱ። ልጆች በዚህ ጊዜ ከምድጃው ይራቁ። ለማጥፋት ብለው ሁለቱንም ቀዳዳዎች የዘጉትን ምድጃ ደግሞ እስኪበርድ ድረስ ጨርሶ አይክፈቱት።

በዚሁ ምክንያት በቃልዎ የያዙት የቀዳዳዎች አከፋፈት አሁን አያገለግልም። ድሮ በጠባብ ክፍተት 120 ዲግሪ ይይዝ የነበረው ምድጃ በዚያው ክፍተት እሳቱ ሊደክም ይችላል፤ ጥቂት ሰፋ አድርገው ቴርሞሜትሩን እየተመለከቱ አዲሱን ልክ ይፈልጉ።

ክዳኑ ከገንዳው ጋር ተጣብቆ እንቢ ቢልስ?

ምድጃው በርዶ የነበረ ከሆነ ሁለቱን ጋስኬቶች ያያዛቸው አብዛኛውን ጊዜ የረጋ ስብ ነው። በጠፍጣፋ ብረት ወይም በዊንዲቨር አይፈልቅቁት፤ ጠርዙ ይሸረፋል። ስስ የፕላስቲክ ስፓቱላ በሁለቱ ጋስኬቶች መካከል አስገብተው ዙሪያውን ቀስ ብለው ያስኪዱት፣ እጀታውንም ሳይነጥቁ በእኩል ኃይል ወደ ላይ ይጫኑት። ሲላቀቅ ሞላው በድንገት እንዳያነሣው አንድ እጅ ከክዳኑ ላይ አይለይ። ከተከፈተ በኋላ ስቡን በደረቅ ጨርቅ ከጋስኬቱ ላይ ይጥረጉት፤ ከየጥብሱ በኋላ ምድጃው ሲበርድ ይህን የሚያደርግ ሰው ክዳኑ ሲጣበቅበት እምብዛም አያይም።